የጣና ዳር ሕልምና የሲኒማ መራራ ሳቅ

ፍርሃትና ሳቅ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው አያድሩም የሚል ሰው ቢገኝ የሰውን ልብ ገና አልመረመረም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው በድንገት ሳቅ ሲመጣበት አፉን በኩታው ይሸፍናል፤ የሠርግ ዘፈን የሚሰማ ሰውም ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የሰው ባሕርይ እንዲህ የተደባለቀ ስለሆነ፣ ይህንኑ ድብልቅነት መስሎ የሚናገር ጥበብ በየዘመኑ ሰሚና ተመልካች አላጣም።

በዚህ ዘመን ከሚታዩት ፊልሞች መካከል አንድ ልዩ ወገን አለ። ነገሩ ሁሉ እንደ ሕልም ነው፤ ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላል፤ የሞተው ሰው ተመልሶ ይናገራል፤ ቤት እየነደደ ሰው ገብቶ ይኖርበታል። ባለታሪኩም ብዙ ጊዜ ደራሲ ወይም የቴአትር አዘጋጅ ወይም ብዙ የተማረ ሰው ነው። ሥራውን ሊፈጽም ይሻል፤ ዳሩ ግን ጭንቀት እጁን ይይዘዋል። ተመልካቹም ማዘን በሚገባው ስፍራ ይስቃል፤ የሳቀበትንም ነገር ወደ ቤቱ ሲመለስ እያሰበ ያዝናል። ታዲያ ሰው የገዛ ጭንቀቱ ሳያንሰው፣ ገንዘብ ከፍሎ የሌላውን ሰው ጭንቀት ለማየት በጨለማ አዳራሽ የሚቀመጠው ስለ ምን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከባሕር ማዶ ብቻ መሻት አይገባም፤ ከጣና ዳርም ይገኛልና።

ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛል። ገዳሙ በትውፊት ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ፣ በአቡነ በትረ ማርያም የተመሠረተ ነው ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ክብ ነው፤ በመካከሉ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ማንበብ የማይችለው ምእመን መቅደሱን እየዞረ ታሪኩን ከሥዕል ወደ ሥዕል ይከተላል፤ የሚያውቀውም ሰው እየጠቈመ ይተርክለታል። በጨለማ ስፍራ፣ በጥቂት ብርሃን፣ ሥዕል በሥዕል ተከታትሎ የሚነገር ታሪክ ሲኒማ ሳይመጣ በፊት በጣና ዳር ነበረ ማለት ነው።

ከነዚያ ሥዕሎች መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ በላ፤ ከበላቸውም ውስጥ የገዛ ቤተሰቡ ይገኙበታል። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃ የጠማው ድውይ ለመነው፤ ስለ እመቤታችን ስም በተለመነ ጊዜ ብቻ ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላው ወገን ሆኖ ተመዘነ፤ የእመቤታችንም ጥላ ባረፈበት ጊዜ ውሃው መዘነ። ይህ ታሪክ በየዓመቱ በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል።

አንባቢ ይህን ሥዕል ልብ ብሎ ይመልከተው። ሰው በላ ያስፈራል። ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ለመጎተት የሚታገሉት አጋንንት ግን ያስቃሉ፤ ምርኮአቸውን በጥርኝ ውሃ ሲነጠቁ ያፈሩ ሌቦች ይመስላሉና። ከፍርሃቱና ከሳቁ በኋላ ደግሞ ተስፋ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከዳነ ለእኔም መንገድ አለ ያሰኛል። ሠዓሊው ሦስቱን ነገር በአንድ ግድግዳ ላይ ያኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ተመልካቹ ይሸሽ ነበር፤ ሳቅ ብቻም ቢሆን ይረሳው ነበር።

ሥዕሉ የምእመናን ሁሉ ነው። የተጨነቀው ባለ ጥበብ ግን በቅኔ ቤት ይገኛል። ከጣና በስተ ደቡብ ያለው የጎጃም ምድር የቅኔ አገር ነው፤ ጎንጅና ዋሸራ በዚህ ሙያ ስማቸው የታወቀ ነው። ትውፊት የቅኔን ሥርዐት አስፋፍቷል የሚለው ተዋነይም ከጎንጅ ጋራ ተያይዞ ይጠራል። የቅኔ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ካህናት ያውቁታል፤ የከተማ ሰው ግን ላያውቀው ይችላል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንጠልጥሎ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻ ይከተለዋል፤ ያገኘውን ቍራሽ በጎጆው ይበላል። ከዚያም ብቻውን ወደ ዱር ወጥቶ ቅኔ ይቈጥራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ እያንዳንዱ በልክ፣ በዜማና በምሥጢር መግጠም አለበት። ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል፤ ስሕተት ቢገኝበት በጓደኞቹ ፊት ይታረማል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ቅኔ አይደገምም። ዛሬ የተመሰገነበት ቅኔ ለነገ አይሆነውም፤ ነገ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ዜማ ወይም ንባብ የሚማር ሰው ያጠናው ነገር ስንቅ ይሆነዋል፤ የቅኔ ተማሪ ግን በየማለዳው ባዶ እጁን ይነሣል። ምሥጢር አልመጣ ያለው ተማሪ እንቅልፍ ያጣል፤ ብቻውን ያወራል፤ ሲሄድ ዛፍ ይገጨዋል። መንገደኛም አይቶት አበደ ብሎ ይስቅበታል። አንዳንዱ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈትለት አብሾ የሚባለውን መጠጥ እንደሚጠጣ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። አብሾ የሚዘጋጅበት ተክል አጤ ፋሪስ ነው፤ አስተናግር የሚሉትም አሉ፤ ስሙ ግብሩን ይናገራል፤ የጠጣውን ሰው ያስለፈልፈዋልና። መርዝነት ስላለው የሌለውን ነገር ያሳያል፤ መጠኑ ያለፈበትም ሰው አእምሮውን ወይም ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ የተጨነቀው ባለ ጥበብ በሕልምና በእብደት ዳር መቆሙ ፈረንጅ ያመጣው ወሬ አይደለም፤ በአገራችን ቅኔ ቤት ደጅ የታየ እውነት ነው።

ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ የጣና ዳር ልጅ ነበሩ። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። በሊቅነታቸው በጎንደር የታወቁ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ቀልዳቸው ለስላሳ አልነበረም፤ ረኀብን፣ ሞትን፣ የባለ ሥልጣንን ቍጣ ሁሉ መጫወቻ ያደርግ ነበር። እንደሚነገረው አለቃ በጣና ደሴት በተቀመጡበት ወራት የሐይቁን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ደንገል እያዩ አዲስ የዝማሜ ሥርዐት አወጡ። ይህንንም ለጎንደር ሊቃውንት ባሳዩ ጊዜ አልተቀበሉአቸውም። ሥርዐቱን ወስዶ በደብረ ታቦር ያስተማረው ልጃቸው ተክሌ ነው፤ ስለዚህም እስከ አሁን የተክሌ አቋቋም ተብሎ በልጁ ስም ይጠራል። አዲስ ነገር ፈጥሮ ከባልንጀሮቹ ዘንድ ያልተቀበሉት ሰው፣ ሥራው በልጁ ስም ሲጠራ ስሙ በቀልድ ብቻ ቀረ። ሐዘኑን በሳቅ የሸፈነ ባለ ጥበብ ምሳሌው ከዚህ ወዲያ ከየት ይመጣል?

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አለቃ ገብረ ሐና በሚታወቁበት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ ሕዝቡ የሲኒማውን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ነገር ግን ስሙ ፍጹም ስንፍና አልነበረም። ሥጋ የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ይህ ሕልም ነው ወይስ ምትሐት ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታልን? ሲኒማ ከሌላው ጥበብ ሁሉ ይልቅ ሕልምን እንደሚመስል ያ ሕዝብ ቀድሞ ተረድቶት ነበር። መራራ ፌዝም እንዲሁ ቀድሞ መጥቷል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ፣ ያውሬዎች ኮመዲያ የሚል ስም ያለው፣ በአራዊት ምሳሌ ሹማምንትን የሚነቅፍ ጨዋታ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን እንዳይታይ ታገደ። የሚያስቅ ጨዋታ መታገዱ ሳቅ ምን ያህል እንደሚፈራ ያስረዳል።

በውጭ አገር ይህ ወገን ፊልም እንዴት እንደ ደረጀ ሦስት ምሳሌ ይበቃል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። በ1963 የኢጣሊያው ፌዴሪኮ ፌሊኒ ስምንት ተኩል የሚባለውን ፊልም አወጣ። ባለታሪኩ ፊልም ሠሪ ነው፤ ታላቅ ግንብ አስቁሟል፤ ብዙ ሰው ተቀጥሮ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን ምን እንደሚሠራ አያውቅም። በመጀመሪያው ሕልሙ በመኪናዎች መካከል ታፍኖ ሳለ ወደ ሰማይ ይበርራል፤ በእግሩ በታሰረ ገመድ ግን ጎትተው ያወርዱታል። በ1991 ወንድማማቾቹ ኮኤኖች ባርተን ፊንክ የሚባለውን ሠሩ። በዚህም ፊልም አንድ ደራሲ በሆቴል ክፍል ተቀምጦ አንዲት ቃል መጻፍ ያቅተዋል፤ በሙቀቱ የግድግዳው ወረቀት ሲላጥ እያየ ይውላል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ከተማ ዋናውን ሽልማት ተቀበለ። በ2008 ደግሞ ቻርሊ ካውፍማን ሲኔክዶኪ ኒውዮርክ የተባለውን አወጣ። በዚህ ፊልም አንድ የቴአትር አዘጋጅ እውነተኛ ነገር አሳያለሁ ብሎ በመጋዘን ውስጥ ከተማን የሚያህል ከተማ ይሠራል፤ ራሱን የሚመስል ተዋናይ ይቀጥራል፤ ለተዋናዩም ሌላ ተዋናይ ይቀጥርለታል፤ ዘመኑ በዚህ ያልቃል እንጂ ቴአትሩ አይጀመርም። በዚያ ፊልም አንዲት ሴት የሚቃጠል ቤት ገዝታ ዕድሜዋን በእሳቱ መካከል ትኖራለች፤ ማንም አይደነቅም።

ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ይህን የሚቃጠል ቤት ሲያይ አይደናገርም። ሰሙ እሳት ነው፤ ወርቁ ግን ሰው የሚያጠፋውን ነገር እያወቀ ለምዶት እንደሚኖር ነው። አንድም ሞት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሰው ጋራ በአንድ ቤት እንደሚቀመጥ ነው። በእግር የታሰረውም ገመድ እንዲሁ ይፈታል፤ አሳቡ ወደ ላይ ቢበርርም ሰው በሥጋው፣ በዕዳውና በጌቶቹ ይያዛል። የቅኔ ተማሪ እነዚህን ፊልሞች ቢያይ እንግዳ ነገር አይሆኑበትም፤ የለመደው የምሥጢር አነጋገር በሌላ ልብስ መጥቷልና።

ይህ ሁሉ በአንድ ሥራ ተገናኝቶ ወደ ጣና ዳር የተመለሰው በአቶ ኃይሌ ገሪማ እጅ ነው። አቶ ኃይሌ በ1946 በጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸው ቴአትር እየደረሱ በየአገሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው የፊልምን ሙያ ተማሩ፤ በዋሽንግተንም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተማሩ። በ1976 የታየው ምርት ሦስት ሺህ ዓመት የሚባለው ፊልማቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በወደቀበት ወራት በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ የተቀረጸ ነው። በዚያ ፊልም ከበደ ኑሮ የተነሣ ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው ሲያርሱ በሕልም ይታያሉ። ከበበ የሚባልም ሰው አለ፤ መሬቱን የተነጠቀ፣ አገሩ እብድ የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል እርሱ ብቻ እየቀባጠረ እውነቱን ይናገራል፤ ተመልካቹም በእብደቱ ይስቃል፤ ቈይቶ ግን ከመንደሩ ሁሉ ጤነኛው እርሱ እንደሆነ ይረዳል።

በ2008 የታየው ጤዛ ደግሞ በጣና ዳር ባለ መንደር የተመሠረተ ነው። አንበርብር ወደ ጀርመን ሄዶ ሐኪምነትና ምርምር የተማረ ሰው ነው፤ እውቀቱን ለአገሩ ሊያውል ተስፋ አድርጎ በደርግ ዘመን ይመለሳል። ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል፤ እርሱም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል፤ በዚያም ጥቍርን የሚጠሉ ሰዎች ከመስኮት ይወረውሩታል፤ እግሩን ያጣል። በ1990 ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ያለፈውን ነገር አስተካክሎ ማስታወስ አይችልም። ትዝታው ቍርጥራጭ ሆኖ በሕልም እየመጣ ያስጮኸዋል። እናቱ ታድፌ የተማረ ልጇ ይጦረኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እንደ ሕፃን የሚባንን ሽማግሌ ተመለሰላት። በመንደሩም ወጣቶች ለጦርነት እንዳይወሰዱ በዋሻ ይሸሸጋሉ። በዚህ ፊልም ሳቁ ጥቂት ነው፤ ያለውም መራራ ነው። ብዙ የተማረው ሐኪም ራሱን ማዳን አለመቻሉ ያስቃል፤ ነገር ግን ማንም ጮኾ አይስቅም።

ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፣ በ2009ም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ዋናውን የየኔንጋ ፈረስ ተቀበለ። የውጭ ሰዎች ኢትዮጵያን ሳያውቁ ነገሩ ለምን ገባቸው ቢሉ፣ የአንበርብር ሕልም የእነርሱም ሕልም ስለሆነ ነው። ለኢትዮጵያዊ ግን ከዚህ የጠለቀ ምክንያት አለ። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር የሆነውን የታሪክ ጸሐፊ በዓመትና በቍጥር ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙ ወላጅ የልጁን ሬሳ አይቶ ማልቀስ ፈራ፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ደግሞ በዜና መዋዕል ቅደም ተከተል አይወጣም። እንደ ሕልም ተቈራርጦ፣ ቦታውን ስቶ፣ በሌሊት ይመጣል። ስለዚህ አቶ ኃይሌ ሕልም መሰል አነጋገርን የመረጡት ለጌጥ አይደለም፤ የቈሰለ አእምሮ የሚናገርበት ቋንቋ ያው ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የነዚህ ፊልሞች ስበት በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛው፣ የተጨነቀ ሰው በዓለም የተጨነቅሁ እኔ ብቻ ነኝ ይላል፤ በአዳራሹ ግን የደበቀው ነገር በአደባባይ ሲነገር ይሰማል፤ ከጎኑም ሌላው ሰው ሲስቅ ይሰማና ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለተኛው፣ በቀጥታ ሊነገር የማይቻለውን ነገር ሕልም ይናገረዋል፤ ሰም የሌለው ወርቅ አንዳንድ ጊዜ እጅ ያቃጥላልና። ሦስተኛው፣ ሳቅ ትዕቢትን ይሰብራል። ታላቅ ሥራ ካልሠራሁ ከንቱ ነኝ የሚል ሰው፣ እንደ እርሱ ያለውን ሰው በመጋዘን ውስጥ ከተማ ሲሠራ ባየው ጊዜ በራሱ ላይ ይስቃል፤ በራሱ ላይ የሳቀ ሰውም ሸክሙ በግማሽ ይቀላል።

ዳሩ ግን ይህ ወገን ጥበብ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። አብሾ እንደ መጠኑ ነው እንደሚባለው፣ ጭንቀትንም እየደጋገሙ መመልከት ጭንቀትን ሊያስወድድ ይችላል። በሕመሙ የሚኰራ ሰው መዳንን አይሻም። ጤዛንና ሲኔክዶኪን ነጣጥሎ ማየት የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት ታዩ፤ ሁለቱም ሥራው ስለ ባከነበት ሰው ይናገራሉ። የአሜሪካው ባለታሪክ ግን በሠራው ከተማ ውስጥ ሙት የሚል ቃል ሰምቶ ያበቃል። አንበርብር ግን ከመንደሩ ከተገለለችው ከአዛኑ ልጅ ይወልዳል፤ ለመንደሩም ሕፃናት መምህር ይሆናል። ያጣው እግር አልተመለሰለትም፤ ጓደኛውም አልተነሣለትም፤ ታላቅ ምርምሩም አልተፈጸመም። የቀረለት ጥርኝ ውሃ ነበር፤ እርሱን ሰጠ። በዚህ ነገር የዘጌው ሥዕልና የጣና ዳሩ ፊልም ምንም እንኳ በዘመን ቢራራቁ በአንድ ሚዛን ይገናኛሉ።

ይህ ነገር የፊልም ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ምክንያት አለ። ዛሬም በባሕር ዳርና በሌሎቹ ከተሞች ብዙ ተምሮ ብቻውን የሚያወራ፣ ሌሊት የሚባንን፣ ቀን የሚያላግጥ ወጣት በየቤቱ አይጠፋም። ወላጁ ሰነፍ ይለዋል፤ ጎረቤቱ እብድ ይለዋል፤ አንዳንዱም ሳይመረምር ጋኔን ይለዋል። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም የፈታው፣ አስቀድሞ ስለ ሰማው ነው። የገብረ ሐናን ዝማሜ ያልተቀበሉት ሊቃውንት ክፉዎች አልነበሩም፤ ለማየት ግን አልታገሡም፤ የእርሳቸውም ሙያ ወደ ቦታው እስኪደርስ አንድ ትውልድ ዘገየ። የተጨነቀ ባለ ጥበብ ሲስቅም ሲያለቅስም የሚለው ነገር አለው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ይድናል፤ ለአገሩም ይተርፋል፤ ካላገኘ ግን እርሱም የሚቃጠለውን ቤት ለምዶ ይቀመጥበታል።